ስጦታ በዶሮ ሲመነዘር

ልጄ ከእንቁጣጣሽ ወዲህ «ሚጣ» መባል አቁማለች። ያወጀችው ራሷ ናት። ስድስተኛ ክፍል በገባች ሰሞን ቁርስ ላይ «ሚጣዬ፣ እስቲ ዳቦ አቀብይኝ» ብላት፣ ዳቦውን እንደያዘች አየት አደረገችኝና «አባ፣ ሰው ፊት እንደዚህ አትበለኝ፤ ሼም ነው» አለችኝ። ሰው ያለቻቸው እናቷንና አያቷን ነው።

11 ዓመቷ ነው። ለዚህ ዕድሜ በአማርኛ ስም የወጣለት አይመስለኝም። ሕፃን ስትባል ታኮርፋለች። «ትልቅ ልጅ አይደለሽ? በይ ዕቃ እጠቢ» ስትባል ደግሞ «እኔ እኮ ልጅ ነኝ» ትላለች። የገና ስጦታ የምፈልገው እንግዲህ ለዚህች ሰው ነው።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው እኛ ጋ ነው። ሰው በዓል ሲደርስ በእኛ ደጅ አልፎ ከከተማ ይወጣል። እኛ ደግሞ ለዕቃ ብለን ወደ ከተማ እንገባለን። ሰፈራችን አሻንጉሊት የለም ማለቴ አይደለም። አለ። ሱቁ በር ላይ፣ ከሳሙናና ከመጥረጊያ መሀል የተንጠለጠለ፣ ፊቱ በፀሐይ የነጣ አንድ አሻንጉሊት። ከእኛ ቀድሞ ዕጣ የወጣለት ነዋሪ ይመስላል።

በዓል ሲቀርብ ቤታችን ውስጥ ገንዘብ በብር መቆጠሩ ይቀርና በዶሮ ይቆጠራል። ምንዛሪውን ያመጣችው ባለቤቴ ናት። «ብሩ ሲወርድ ያድራል፤ ዶሮ ግን ዶሮ ነው» ትላለች። ሽርፍራፊም አለው። አንድ ዶሮ 12 ብልት ነው። ስለዚህ ካልሲ ሁለት ብልት፣ የልጅ ሸሚዝ ስድስት ብልት እየተባለ ይሄዳል። ለልጄ ስጦታ የተፈቀደልኝ በጀት አንድ ዶሮ ነበር። «ከዚያ ካለፍክ፣ ወጡን በእንቁላል ትበላለህ» ተባልኩ።

የገና ጾም ኅዳር 15 ገባ። የልጄ ዝርዝር ኅዳር 16 ደረሰ። የደረሰው በእናቷ ቴሌግራም ነው። እንዲህ ይላል፦ ላቡቡ። ሊፕ ግሎስ። የፊት ክሬም። ወይም ብር (በቴሌብርም ይቻላል)። ከሥሩ በጉልህ፦ አሻንጉሊት እንዳይገዛ!

«ላቡቡ ምንድን ነው?» አልኳት።

ፎቶ አሳየችኝ።

«ይሄማ አሻንጉሊት ነው!»

«አይደለም፣ አባ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ላቡቡ ነዋ።»

ማታ ቁጭ ብዬ ስለ ላቡቡ አነበብኩ። አባት የሆነ ሰው የማያነበው የለም። ፈጣሪው ካሲንግ ላንግ የሚባል፣ ሆንግ ኮንግ ተወልዶ ኔዘርላንድስ ያደገ ሠዓሊ ነው። የሳለው በፈረንጆቹ 2015 ነው። ጆሮው የጥንቸል፣ ጥርሱ የጅብ፣ ሳቁ ደግሞ የቤት ደላላ ነው። ሰኔ 2017 ቤይጂንግ ውስጥ የሰው ቁመት የሚያክል አንድ ላቡቡ በጨረታ ከ1 ሚሊዮን ዩዋን በላይ ተሽጧል። ወደ ዶሮ ልመነዝረው ሞከርኩና የስልኬ ስክሪን አልበቃኝም።

ዋናው ነገር ግን እሱ አይደለም። ዕቃው የሚሸጠው በተዘጋ ሳጥን ነው። የትኛው ቀለም እንደሚደርስህ የምታውቀው ከፍለህ ስትከፍተው ነው። ልጄ ይህን ስታስረዳኝ በዓለም ላይ አዲስ ነገር የተፈጠረ መስሏታል። እኔ እኮ የ97 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ነኝ! ተመዝግቤ፣ ቆጥቤ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ጠብቄ ሳጥኑ ሲከፈት ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የወጣልኝ። ያልተፈለገ ቀለም ምን እንደሚመስል እኔን ይጠይቁኝ።

አማቴ ፎቶውን ሲያዩ አማተቡ። «ለጌታ ልደት ይኼን አውሬ?» አሉ። ወደ ጓዳ ገቡና ጸበል ይዘው ተመለሱ። ስልኩ ለሁለት ቀን ድምፅ አልነበረውም።

በዚህ ላይ ሁለት ገና አለብን። ቨርጂኒያ ያለችው የባለቤቴ እህት ታኅሣሥ 16 ላይ፣ የፈረንጆቹ ዕለት ማለት ነው፣ «ሜሪ ክሪስማስ» ብላ ደወለች። ልጄ ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ መጣች። ሊፕ ግሎሱ የዛሬው፣ ላቡቡ ደግሞ የ29ኙ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበች።

«እኛ ፈረንጅ ነን እንዴ?» አልኳት ኮስተር ብዬ።

«ዛፉስ የማን ነው?» አለችኝ።

ሳሎን ጥግ ወደቆመው የፕላስቲክ ዛፍ አየሁ። ዛፉ መልስ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም።

ስለ ዛፉ ካነሳሁ አይቀር። እኔ ልጅ ሳለሁ ጽድ ነበር የሚቆመው፤ ቤቱ ሁሉ ጽድ ጽድ ይሸታል። አሁን ያለን ተጣጥፎ ካርቶን ውስጥ የሚገባ ነው። ልጄ «በረዶ ይኑረው» ብላ ጥጥ ገዝታ ቅርንጫፎቹ ላይ ደለደለችው። ውጭ የታኅሣሥ ፀሐይ የኮብልስቶኑን አቧራ ያቃጥላል፤ ውስጥ በረዶ ወርዷል። በማግሥቱ በረዶው ሳሳ። በሦስተኛው ቀን ከላይ ያለው ጠፋ። ለካ አማቴ ማታ ማታ ከዛፉ ላይ እየለቀሙ በእንዝርት ይፈትሉታል። «ጥጥ እንጨት ላይ ሰቅሎ ማየት ምን ይባላል?» አሉ ስንደርስባቸው። በረዶ ሲፈተል ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ብሩን በተመለከተ ግን አቋም ነበረኝ። ብር ስጦታ አይደለም ብዬ ተከራከርኩ። ልጄ ሰንበት ትምህርት ቤት ትሄዳለች። እዚያ የሚሰማውን ነገር ለክርክር ታስቀምጠዋለች።

«የገና አባት ማነው?» አለችኝ።

«ቅዱስ ኒቆላዎስ ነዋ መነሻው። የሜራ ኤጲስ ቆጶስ። ስንክሳሩ ታኅሣሥ 10 ያስበዋል።» ይህን ማወቄ ኮራ አደረገኝ።

«ለሦስቱ ሴት ልጆች በመስኮት የወረወረላቸው ምን ነበር?»

«ወርቅ።»

«አየህ! ቀሚስ አልወረወረም። ሰብአ ሰገልም መጀመሪያ የሰጡት ወርቅ ነው። ዕጣንና ከርቤ ከዚያ በኋላ ነው።»

ከእናቷ ወገን ጠበቃ እንዳለ እንጃ።

እኔ በእሷ ዕድሜ የገና ስጦታዬን ራሴ ቆርጬ ነው ያመጣሁት። ያደግኩት አቃቂ ነው። ገና ሲደርስ ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ እንፈልግና ሜዳ ወጥተን ሩር ስንለጋ እንውላለን። አንድ ዓመት ታዲያ አንደኛ የሆነ ገና አገኘሁ፤ ቆልማማው ልክ የተሠራ ይመስላል። ችግሩ የበቀለው የጎረቤት ግቢ ውስጥ ነበር። እናቴ ዱላውን አየችና «የማን ዛፍ ነው?» አለች። ስጦታዬን በዋዜማው በጀርባዬ ተቀበልኩ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለውን እናቴ አልሰማችም መሰለኝ።

ገና አምስት ቀን ሲቀረው መርካቶ ሄድኩ። ባጃጅ፣ ከዚያ ሚኒባስ፣ ከቃሊቲ ደግሞ ባቡር። የበዓል ሰሞን ባቡር ሰው አይሳፈረውም፤ ሰው ይጠቀጠቅበታል። እግሬ ወለል የነካው ስታዲየም አካባቢ ነው። ከፊቴ አንድ ሰውዬ ዶሮ አቅፎ ቆሟል። ዶሮው ያየኛል። በጀቴ ቆሞ እያየኝ ነው አልኩ በሆዴ።

መርካቶ ላቡቡ ሞልቷል። በገመድ ተሰቅሎ፣ በቅርጫት ተቆልሎ።

«ፋዘር፣ ኦርጅናል ነው!» አለኝ ልጁ።

«ኦርጅናሉ በሳጥን አይደለም እንዴ?»

«ሳጥኑን ሰው እየቀደደ አስቸገረን።»

«እውነቱን ንገረኝ፤ ፎርጅድ ነው?»

«ኦርጅናሉ የት ነው የሚሠራው?»

«ቻይና።»

«ይሄስ?»

«ቻይና።»

«ታዲያ!» አለ፤ ጨርሶ።

ልጅ ሲወልድ የእሱ ዓይነት ይስጠው። አንድ ዶሮ ከሦስት ብልት ብሎ ጀመረ። ተጨቃጭቀን አንድ ዶሮ ላይ ተስማማን። ስድስቱን አይቼ አንዱን መረጥኩ፤ የመረጥኩት ሳቁ ቀለል ያለውን ነው። እኔ ስለ ጥርስ ቁጥር የማውቀው ነገር አልነበረም።

ለሊፕ ግሎሱ የማኪያቶ በጀቴን ነካሁ። ሻጯ ብርቱካን፣ ስትሮቤሪና ቸኮሌት አለ አለችኝ። ሦስቱንም አሸተትኩ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል።

«ቸኮሌቱ የጾም ነው?» አልኳት።

«ከንፈር ይቀባል እንጂ አይበላም እኮ፣ ጋሼ።»

«11 ዓመቷ ነው። እንደማትልሰው ዋስ ትሆኛለሽ?»

ስትሮቤሪውን ሰጠችኝ። የፊት ክሬሙ ላይ ግን ቆረጥኩ። ማሸጊያው «መጨማደድ ይከላከላል» ይላል። ልጄ ገና ጥርሷን ቀይራ አልጨረሰችም! ያሉንን መጨማደዶች ይዘን የምንዞረው እኔና እናቷ ነን፤ ለእኛ የጠየቀልን የለም። መጽሐፍም አስቤ ነበር። አምና ሰጥቻት «አባ፣ ይሄ ስጦታ ሳይሆን የቤት ሥራ ነው» ስላለችኝ ዘንድሮ ደፍሬ አልገዛሁም።

ባለቤቴ በበኩሏ ጫማ ገዛች። የልጄ እግር 35 ነው። የተገዛው 37 ነው። «ያድግባታል» አለች። ለነጭ ቀሚሱም እንደዚያው ነው፤ ለገና ተለብሶ በ12ኛው ቀን ለጥምቀት ይደገማል፤ ስለዚህ ሰፋ፣ ረዘም ይላል። ባቡር ውስጥ ስመለስ ይህን ሳስብ ነበር። ልብስና ጫማ የምንገዛው ከሁለት ዓመት በኋላ ለምትመጣው ልጅ ነው። እኔ ሱቅ ስገባ እጄ የሚሄደው ደግሞ የዛሬ ሁለት ዓመት ወደነበረችው ሚጣ ነው፤ ወደ ድቡ፣ ወደ ፀጉር ማስያዣው፣ ወደ ሚዘፍነው ፒያኖ። ቤት ያለችው የ11 ዓመቷ ልጅ በመሀል ቤት ማንም አልገዛላትም። እሷ ራሷ ዝርዝር ባትጽፍ ኖሮ ባዶ እጇን ነበር የምትቀረው።

የገና ዕለት ከቅዳሴ ተመልሰን፣ ዶሮው ቀርቦ፣ ሁላችንም እንቅልፍ በዓይናችን እየዞረ ስጦታው ወጣ። ልጄ ላቡቡን ከፌስታሉ አወጣች። ጮኸች። አቀፈችኝ። ከዚያ መስኮቱ ጋ ወሰደችውና አፉን በጣቷ እየነካች መቁጠር ጀመረች።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...»

የፈረስ ገበያ መሰለኝ።

«አባ፣ 11 ጥርስ ነው ያለው።»

«አትራፊ ነን ማለት ነው።»

«ትክክለኛው 9 ነው። ይሄ ላቡቡ አይደለም። ላፉፉ ነው።»

ለካ የፎርጅዱም ስም አለው። በዓለም የታወቀ ስም። እኔ አንድ ሙሉ ዶሮ ከፍዬ ላፉፉ ገዝቻለሁ። ባለቤቴ ምንም አላለችም፤ ሳህኔ ላይ እንቁላል ጨመረችልኝ። አማቴ መቀነታቸውን ፈቱና አራት ቦታ የታጠፈች 200 ብር ለልጄ ሰጧት። ልጄ ዘላ ጉልበታቸውን ሳመች። በመስኮት ባይወረወርም ኒቆላዎስ ረታ። ጫማው ተለካ፤ ሰፋ። አማቴ ሳይፈተል የቀረውን በረዶ አምጥተው ጫማው ጫፍ ላይ ጠቀጠቁበት።

ላፉፉው ሦስት ቀን ቴሌቪዥኑ ላይ ተቀምጦ ሳቀብኝ። በአራተኛው ቀን የለም።

«ያ አውሬ የት ሄደ?» አልኩ። አማቴን ጠርጥሬ ነበር።

«ሸጥኩት» አለች ልጄ፣ ከስልኩ ላይ ቀና ሳትል። «ሁለተኛ ፎቅ ላለችው።»

ደነገጥኩ። «ፎርጅድ መሆኑን ሳትነግሪያት?»

«ነግሬያታለሁ። እሷ እኮ የምትሰበስበው ላፉፉ ነው። ባለ 10 ጥርስ አላት፣ ባለ 12 አላት። ባለ 11 ግን አጥታ ነበር።»

«በስንት ሸጥሽላት?»

ወደ ወጥ ቤቱ በር አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንድ ዶሮ ተኩል።»

የእናቷ ልጅ ናት፤ በዶሮ ነው የነገረችኝ። ትርፉ ስድስት ብልት መሆኑ ነው። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«መቼም ዋናውን ዶሮ...»

«አባ» አለችኝ፣ «ስጦታ ይመለሳል እንዴ? ሼም ነው።»