ለንግድ ጋሪ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ንግድ ጋሪ፣ «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ
ባሉበት
ጉዳዩ፦ ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

አያ ጋሪ!

በደብዳቤ ወግ አንቱ ልልህ ነበር፤ ግን በ100 እንጨትና በ50 ወርቅ ያስመጣሁትን ሰው አንቱ ማለት ምላሴን ያዘኝ። ቅር አይበልህ። ለነገሩ ቅር ሲልህ አይቼ አላውቅም፤ ችግሩም ይኸው ነው።

የትናንት ማታውን ላንሳ። ካርታው ላይ ያለው ወርቅ ተቆፍሮ አልቋል፤ የቀረችኝ ተስፋ እናንተ ናችሁ። ጥግ ካለው ገበያዬ ተነስታችሁ አጋሬ ዘንድ ትመላለሳላችሁ። የቀዩ ተጫዋች፣ የጠላቴ፣ ፈረሰኛ ብቻውን መጣ። አንድ ሰው! ከፊትህ የሚሄደውን ጓደኛህን ቆራርጦ ጣለው። አንተ ምን አደረግህ? በሬሳው ጎን አልፈህ፣ ፈረሱን «እስቲ ዞር በልልኝ» የምትለው ይመስል እየታከክህ መንገድህን ቀጠልህ። ከኋላህ ያለውም እንዲሁ፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ። ሁላችሁም ተራችሁን ጠብቃችሁ ረገፋችሁ። ተዋጋ አላልኩህም፤ ዱላም እንዳልሰጡህ አውቃለሁ። መሮጥ ግን ማን ከለከለህ? ኡኡ ማለትስ ስንት እንጨት ያስወጣል?

የምጽፍልህ ከጎንደር ነው። ይህ ከተማ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ከቆረቆሩት ጀምሮ ነጋዴን ጠንቅቆ ያውቃል። ሲራራ ነጋዴያችን ጋሪ አልነበረውም፤ በበቅሎና በአህያ ጭኖ ወደ ምጽዋ ይወርዳል፣ በመተማ አድርጎ ስናር ይገባል። ብቻውን ግን አይወጣም። ጓዙ እስኪሰባሰብ ይጠብቃል፣ ጦሩን ይይዛል፣ ነጋድራስ የሚባል አለቃ አለው። ኬላ ላይ ቀረጥ ሲሉት እስኪሰለቹት ይከራከራል። አሞሌ ጨው ሲሰጡት ጠርዙ ተሸርፎ እንደሆነ ያገላብጣል። 1780 የሚል ዓመት የታተመባትን ማርትሬዛ ብር ሲቀበልማ የእቴጌዋን የራስ ጌጥ ነጥቦች በጥፍሩ እየነካ ይቆጥራል፤ አንዷ ከደበዘዘች «ሌላ አምጣ» ነው። አንተን ሳይህ የሚቆጨኝ ለዚህ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. «አፍሪካን ኪንግደምስ» የሚባለው የጨዋታው ተጨማሪ ክፍል ሲወጣ ለኢትዮጵያ ሾተል ታጣቂ ሰጡን፣ የዮዲትን ዘመቻ ጨመሩልን፤ እሰየው ብለናል። ነጋዴያችን ግን ከፍራንኩም ከባይዛንታይኑም ያው አንድ ዲዳ ነው።

ስለ ተዘረፈ ነጋዴ ካነሳን አይቀር፣ ሆጃ ሙራድ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ነበረ፤ የጎንደር ነገሥታት መልእክተኛ። ፋሲለደስ ከአንድ ሙስሊም ነጋዴ ጋር ወደ ሕንዱ ንጉሥ ወደ አውራንግዜብ ላኩት። ከስጦታው መካከል በዝባድ የተሞላ ትልቅ የበሬ ቀንድ ነበረበት። የሕንድ ወደብ ሱራት ሲደርሱ የማራታዎቹ መሪ የሺቫጂ ጦር በ1664 እ.ኤ.አ. ከተማውን ዘርፎ እነሱንም ገፈፋቸው። ቀንዱ ባዶውን ተረፈ። ሙራድ ያንን ባዶ ቀንድ ይዞ ደልሂ ድረስ ሄዶ ንጉሡ ፊት ቀረበ፤ ሽልማትም ተቀብሎ ተመለሰ! እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ፈረሰኛ የሚያልቅ ይመስልሃል? ፈረሱንም ሸጦለት በሄደ ነበር።

ሌላው ጉዳይ ሒሳብህ ነው። ባዶህን ትሄዳለህ፣ ወርቅ ጭነህ ትመለሳለህ። ምን ሸጠህ? አጋሬን «ስንት ከፈልከው?» ብለው የእሱ ወርቅ አንዲት አልጎደለችም። ገበያው በራቀ ቁጥር ደግሞ ወርቁ ይበዛል። ግብር ሰብሳቢ ቢያገኝህ ደረሰኝህን ጠይቆ ያን ጊዜ አፍህ ይከፈት ነበር።

ገበያህም ያው ነው። ምግብ ሸጬ ወርቅ ልግዛ ብል 30 በመቶ ይቆረጥብኛል። ለማን? እኛ ቅዳሜ ገበያ ኮሚሽን የሚበላ ደላላ ቢያንስ ይታያል፤ ትሰድበዋለህ፣ ይስቃል፣ ትንሽ ይቀንስልሃል። እዚህ ግን ደላላ የሌለበት የድለላ ሒሳብ ነው። «ጊልድስ» የሚባለውን የገበያ ማሻሻያ ሳጠና ወደ 15 ይወርዳል፤ ከጨዋታው ሕዝቦች ሳራሴኖች ግን ከመጀመሪያውም 5 በመቶ ብቻ ይከፍላሉ። ዘመድ አላቸው መሰለኝ።

ስትበዙ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። አጋሬ ገበያ በር ላይ ተቆላልፋችሁ፣ የሚገባው የሚወጣውን እየገፋ፣ ልክ እንደ ፒያሳ ባጃጅ ትሆናላችሁ። ባጃጁ እንኳ ጡሩምባ ይነፋል። እናንተ ፀጥ ብላችሁ ትፋጠጣላችሁ፤ ከ200ው የሕዝብ ኮታዬ ላይ ቦታ ይዛችሁ።

በሌሎች ጨዋታዎች ያሉት ነጋዴ ዘመዶችህም ከአንተ አይሻሉም። «ሜዲቫል 2፦ ቶታል ዋር» ላይ ያለው ያጎትህ ልጅ በዚያ ጨዋታ ገንዘብ 550 ፍሎሪን ያስከፍላል። ሲርቅ ትርፉ ስለሚበዛ እስከ ቲምቡክቱ ወርቅ ድረስ በስንት መከራ አደርሰዋለሁ። ገና ሲቀመጥ የሌላ አገር ነጋዴ አጠገቡ ይቆምና ንብረቱን ጠቅልሎ ይወስደዋል፤ የኔው ከካርታው ይጠፋል። ጦርነት አልታወጀም፣ ክስ የለም፣ ሽማግሌ የለም። «ሲቪላይዜሽን 6» ላይ ያለው ግን አንድ በጎ ነገር አለው፤ በሄደበት ሁሉ መንገድ ይሠራል። እሱን አንድ ጊዜ ወደ እኛ ሰፈር ብትልክልኝ ውለታህን አልረሳም። ቱቦ ይቀበራል ተብሎ የተቆፈረው ጉድጓድ እስካሁን አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል።

ግን ልጠይቅህ፤ መንገዱ ክፍት መሆኑን ማን ነው የሚነግርህ? ዛሬ ከጎንደር መተማ የሚጭን ሹፌር ሳይደውል፣ ከዚያ የመጣ ሰው ሳይጠይቅ ሞተር አያስነሳም። ደርሶ ሲመለስ እናቱ እልል ትላለች። አንተ ግን፣ ሲገድሉህ በምትክህ አዲስ ስገዛ፣ አዲሱም በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ፈረሰኛ እጅ ይወድቃል። ስለ መንገድ የሚያወራ ጓደኛ የለህም? ጠላ ቤት አትገባም?

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ፈረሰኛ ስታይ እንድትቆም፣ እንድትጮህና ዋጋ እንድትጠይቀው አሳስባለሁ። ይህ ካልሆነ ወርቅ ለማግኘት ቅርስ ወደሚሰበስቡት መነኮሳት የምዞር መሆኔን በአክብሮት እገልጻለሁ። እነሱ ቢያንስ ያዜማሉ።

ከሰላምታ ጋር
የገዛህ ሰው፣ ጎንደር

ግልባጭ፦
ለአጋሬ፦ ገበያህን ግንብ ውስጥ አስገባው ብዬህ ነበር።
ለቀዩ ፈረሰኛ፦ ወንድሜ፣ መብራት እስኪሄድ ሁለቱን እንኳ ተውልኝ።