ሊበን ሜዳ ባዶ መሬት አይደለም

"ባዶ መሬት" ሲባል ስሰማ እደነግጣለሁ። ዛፍ የሌለው፣ ያልታረሰ ሜዳ ስናይ ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው ይኼው ቃል ነው። ነገሌ ቦረና አጠገብ ያለው የሊበን ሜዳም ላላወቀው ሰው ባዶ ይመስላል።

እዚያ ግን የሊበን ላርክ የምትባል ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች። ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ፣ ሣር መሀል ነው። ሣሩ ተግጦ ካለቀ መደበቂያ የላትም። ቁጥቋጦ ከወረሰውም ትሸሻለች። ከሊበን ሌላ የምትታወቀው በጂጂጋ አካባቢ ነው፤ እዚያም እርሻው አብዛኛውን ሜዳ በልቶታል። በ2009 እንደ ፈረንጆቹ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች ተርታ ገብታለች።

ጥፋተኛው አርብቶ አደሩ ነው የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ሣሩን ያቆየው እሱ ነው። ድሮ ቦረና ሜዳውን በወቅቱ እያቃጠለ ቁጥቋጦውን ይገታ ነበር። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ማቃጠል ተከለከለ፤ ግራሩ ተስፋፋ። በቅርቡ ደግሞ ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲቀር ከብቱ አለቀ። ከብቱ ያለቀበት ሰው ማረሻ ቢያነሳ ምን ይገርማል? ችግሩ ያ ዝናብ ለእህልም የማይታመን መሆኑ ነው። እህሉ ይከስራል፣ የታረሰው ሣርም ቶሎ አይመለስም።

መፍትሔው ከእነሱው ዘንድ አለ። ካሎ ይሉታል። በዝናብ ጊዜ ከብት እንዳይገባበት የሚከለል፣ በበጋ ለጥጃና ለደከመ ከብት የሚከፈት የጋራ ግጦሽ ነው። ሊበን ላይ ካሎ እንደገና ሲከለል ሣሩ ተነሳ፣ ወፏም ከውጭው ይልቅ እዚያ በርከት ብላ ታየች። ለጥጃው ተብሎ የተጠበቀ ሣር ለእሷም ቤት ሆነ። እኔን ደስ የሚለኝ ይኼ ነው፤ ወፏን ለማዳን ማንንም ማስነሳት አያስፈልግም።

ስለዚህ መንግሥት ለካሎ መሬት በማኅበረሰቡ ስም የይዞታ ማረጋገጫ ይስጥ። ሽማግሌዎቹ ሳይስማሙ አንድ ጥማድ እንኳ አይታረስበት። ቁጥቋጦ ምንጠራው በሴፍቲኔት የሥራ ቀን ይያዝ፤ የተቆረጠው እሾህ ራሱ ለካሎው አጥር ይሆናል። ሥራው ከበልግ ዝናብ በፊት ቢያልቅ፣ ሣሩ ሲያቆጠቁጥ ካሎው ተዘግቶ ይጠብቀዋል።