ልጅ ያለውም ሌሊት ይወድቃል

ባለፈው እሑድ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም የነዋሪዎች ስብሰባ ነበር። እኔና ሁለት ጎረቤቶቼ ሦስት ነገር ጠይቀን ነበር። መግቢያው ላይ ካሉት ሦስት ደረጃዎች ጎን ዘንበል ያለ መወጣጫ ይሠራ። የሚወዛወዘው የደረጃ ብረት ይበየድ። የደረጃው መብራት ይስተካከል። ሦስቱም ውድቅ ሆኑ። የተዋጣው ገንዘብ የግቢውን በር ለማሳመር እንዲውል ተወሰነ።

ውሳኔውን እችለው ነበር። ያልቻልኩት ሰብሳቢያችን የሰጡትን ምክንያት ነው። «የኛ አገር ሽማግሌ ልጅ አለው። ልጁን ይደገፋል እንጂ ብረት አይደገፍም። ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» አሉ። ሰውም አጨበጨበ።

እኔ ልጅ ነኝ። እናቴ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ከአልጋዬ እስከ ሽንት ቤቱ በር ስድስት እርምጃ ነው። ባለፈው ሐምሌ እናቴ የወደቀችው እዚያው ስድስት እርምጃ ላይ ነው።

ሌሊት ነው። መብራት ጠፍቷል። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ሽንቷ መጣ። አልጠራችኝም። ለምን እንዳልጠራችኝ በኋላ ስጠይቃት፣ «ስትለፋ ውለህ ተኝተህ፣ እንዴት ብዬ ልቀስቅስህ?» አለችኝ። ሰብሳቢያችን ያልገባቸው ይሄ ነው። የእናቶቻችን ይሉኝታ ከሕመማቸው ይበልጣል። አንድ ሌሊት ትቀሰቅስህ ይሆናል። ሽንት ግን የየሌሊት ጉዳይ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ በአንድ ሌሊት ሁለቴ ሦስቴ ይሆናል። የትኛዋ እናት ናት ልጇን በየሌሊቱ ሦስቴ የምትቀሰቅሰው? ብረት ግን አይተኛም። ይሉኝታም አያሲዝም።

የኮንዶሚኒየም ሽንት ቤት እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ሻወሩም እዚያው ነው። ወለሉ ደርቆ አያውቅም። ውኃ ስለሚጠፋ ባልዲና ጀሪካን ተደርድሮበታል። ሴራሚኩ ብልጭ የሚል ነው፤ ውኃ ሲነካው ሳሙና ይሆናል። በሩ ላይ ውኃ እንዳይወጣ ተብሎ የተሠራ ደፍ አለ። እናቴን በጨለማ ያደናቀፋት ያ ደፍ ነው። የምትይዘው ነገር ፈለገች። እጇ የገባው ባዶ ጀሪካን ነበር። እሱም ይዟት ሄደ።

ዛሬም የሚያንገበግበኝ በሩ ነው። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ነው። ጩኸቷን ሰምቼ ስሮጥ አልከፈት አለኝ። ከበሩ ጀርባ ወድቃለች። በሩን ብገፋ የምገፋው እሷን ነው። ልጇ ነበርኩ፣ አጠገቧ ነበርኩ፣ እጄ ግን አልደረሰላትም። በሩን ከመቃኑ እስክንነቅለው ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ ነበር። እሑድ ዕለት ካጨበጨቡት መካከል ያን ሌሊት በሩን አብረውኝ የነቀሉ ሰዎች አሉ። ይሄን ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል። ያቺ ጩኸት ከጆሯቸው የጠፋችው መቼ ነው?

ደግሞስ ልጁ ሁሌ አጠገብ ነው ያለው ማን ነው? በእኛው ብሎክ ልጆቻቸው አዲስ አበባ፣ አረብ አገር የሄዱባቸው አረጋውያን አሉ። ልጅ አላቸው። በስልክ። ስልክ ደረጃ ላይ አይደገፉትም።

«የፈረንጅ ነገር» ወደሚለው ልምጣ። እንዲህ ያለ ነገር በጣና ዳር ከተማ መባሉ ይገርመኛል። በገዳማቱና በአድባራቱ ሌሊቱን ማኅሌት የሚቆሙት ካህናት መቋሚያ ተደግፈው ነው። በብዙ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን የሚይዙት መቋሚያ ግድግዳውን ተደግፎ ይጠብቃቸዋል። ቅዳሴው ረጅም እንደሆነ፣ ጉልበት እንደሚደክም አባቶቻችን ከጥንት ያውቁ ነበር። መቋሚያ የያዘውን አባት «ልጅ የለዎትም ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አለ? ግድግዳ ላይ የታሰረ ብረትም መቋሚያ ነው። ልዩነቱ ከቦታው አለመነቃነቁ ነው።

አንድ የኮሚቴ አባል ደግሞ ሕግ ጠቀሱብኝ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36፣ ደረጃ መውጣት ለማይችሉና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖር አዝዟል። «እሱ ለሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ነው» አሉኝ። እሺ ይሁን። አሥር ደቂቃ ቆይተውበት ለሚወጡት ሕንፃ መወጣጫ ካስፈለገ፣ ቀንና ሌሊት ለሚኖሩበት ቤት እንዴት አያስፈልግም? ሕግ ካላስገደደን ለእናቶቻችን አናስብም ማለት ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰው በመውደቅ እንደሚሞት ይገምታል። ከሁሉም በላይ የሚሞቱት ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው። ታዲያ እኛ ጋ ሲደርስ «ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረግ» እንላለን። ዕድሜ አይደለም! ደፍ ነው፤ ጨለማ ነው፤ የረጠበ ሴራሚክ ነው።

የተዋጣው ገንዘብ ብዙ አይደለም፣ አውቃለሁ። እኛ የጠየቅነውም ብዙ አይደለም። ለአንድ ሜትር ከፍታ የ12 ሜትር መወጣጫ ነው የተለመደው ልኬት። የእኛ ሦስት ደረጃ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ስድስት ሜትር ይበቃዋል። በሩ ፊት ባጃጅ የሚቆምበት ቦታ ከዚያ ይሰፋል።

ቤቴ ውስጥ የሠራሁትም ብዙ አይደለም። በያጅ ጠርቼ በውኃ ቧንቧ ብረት ከአልጋዋ እስከ ሽንት ቤቱ መያዣ አሠራሁ፤ ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ጎንም ሌላ። በሩን ወደ ውጭ እንዲከፈት አዞርኩት። ደፉን አስፈርሼ ወለሉን ወደ ውኃ መውረጃው አስዘነበልኩ። ሴራሚኩን በሸካራ አስቀየርኩ። ጀሪካኖቹ በረንዳ ወጡ። መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚበራ ቻርጅ የሚደረግ አምፖል አልጋዋ አጠገብ አለ። ቡና የምታፈላበትን ዝቅተኛ ዱካ ግን አልተውም አለችኝ። ዝቅ ካለ መቀመጫ መነሳት ለዳሌዋ ከባድ ነው። ረከቦቱን ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ አደረግንላት፤ መደገፊያ ባለው ወንበር ተቀምጣ ማፍላት ጀመረች። መጀመሪያ አኮረፈች። አሁን ሦስተኛውን ቀድታ ራሷ ትነሳለች።

ከቤቴ በር ወጥታ ደረጃው ላይ ስትደርስ ግን ያ የሚወዛወዝ ብረት አለ። ከወደቀች ወዲህ በእግሯ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። ልጇን ተደግፋ እንዳትወርድ፣ ለሁለት ሰው ጎን ለጎን ደረጃው ይጠባል።

ለመጪው እሑድ አጀንዳው እንደገና እንዲያዝ አመልክቻለሁ። ስብሰባው ሁለተኛ ፎቅ መሆኑ ቀርቶ ግቢ ውስጥ ይደረግ ብዬም ጠይቄያለሁ። ደረጃውን መውጣት የማይችሉት ጎረቤቶቻችን መጥተው ራሳቸው ይናገሩ።