እርማት፦ የድህነት መስመሩ የጆንሰን አማካሪዎች ሥራ አይደለም

ወንድሜ፣ «የአሜሪካን የድህነት መስመር ያወጡት የፕሬዚዳንት ጆንሰን አማካሪዎች ናቸው» ብለሃል። የድህነት መስመር ማለት ገቢው ከዚያ በታች የሆነ ቤተሰብ ድሃ የሚባልበት የገቢ ልክ ነው። ብዙ ሰው እንዳንተው ነው የሚያስበው፤ ግን ልክ አይደለም። አማካሪዎቹ በ1964 እ.ኤ.አ. የተጠቀሙበት ቁጥር ሌላ ነበር፤ ቤተሰቡ ሁለት ሰውም ይሁን ስምንት፣ ለሁሉም የዓመት ገቢ 3,000 ዶላር።

መስመሩን ያሰላችው ሞሊ ኦርሻንስኪ ናት። የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ከዩክሬን የመጡ ስደተኞች ልጅ፣ ራሷም በችግር ያደገች። የመጀመሪያ ስሌቷን ያሳተመችው በሐምሌ 1963 ነው፤ ጆንሰን በድህነት ላይ ዘመቻ ከማወጃቸው በፊት። ሐሳቧ ቀላል ነው። በ1955 የተደረገ ጥናት፣ ቤተሰቦች ከገቢያቸው አንድ ሦስተኛ ያህሉን ለምግብ እንደሚያወጡ አሳይቶ ነበር። እሷም የመንግሥትን በጣም ርካሽ የምግብ ወጪ ዕቅድ ወሰደችና በሦስት አባዛችው። የቤተሰቡንም ብዛት አስገባች። ስምንት አፍ የሚመግብን ቤት ከሁለት ሰው ቤት ጋር እኩል መቁጠር ትልቅ በደል ነውና፣ ለእኔ ዋናው ነገር ይሄ ነው።

በ1969 ስሌቱ የመንግሥት ይፋዊ መለኪያ ሆነ። ዛሬ ቤተሰብህን ወደ አሜሪካ ለማምጣት ስፖንሰር ስትሆን፣ ገቢህ ከመስመሩ 125 በመቶ መድረሱ የሚታየው ከዚያው ስሌት በወጣ ሠንጠረዥ ነው።