ያሾዳ አምላኳን በገመድ ያሰረችው ለምን ይመስላችኋል?

የሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ በ2016ቱ ምርጫ ሰሞን፣ ግንቦት ላይ በሰጡት ኢንተርቪው እናታቸው በሕይወት እያሉ እንደማንኛውም ሰው በባዮሎጂ የተወለዱ ይመስላቸው እንደነበር፣ እናታቸው ካረፉ በኋላ ግን አምላክ እንደላካቸው እርግጠኛ መሆናቸውን ሲናገሩ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ምርጫ ላይ ያለ ፖለቲከኛ የማይለው የለም፣ እሱን እለፉት። እኔን ያንገበገበኝ የኛው ሰው በአማርኛ የሰጠው ትንታኔ ነው፦ «ምን ይገርማል፣ ሂንዱ እኮ ናቸው፣ እነሱ ጋ ጉልበት ያለው ሁሉ አምላክ ነው» ብሎ አረፈው!

ኧረ በፈጠራችሁ! ሂንዱዎች አምላካቸው ወደ ምድር ሲመጣ አቫታር ይሉታል፣ ቃሉም እኮ መውረድ ማለት ነው። «ወረደ፣ ተወለደ» ስንል ላደግን ሰዎች ይሄ ቃል እንዲህ ሊጠፋብን አይገባም ነበር። በርግጥ የነሱ አንዴ ብቻ አይደለም፣ ቪሽኑ የሚባለው ትልቅ አምላካቸው ዋና ዋና አቫታሮች ብቻ 10 ናቸው፣ ዓሣና ኤሊም አለበት። ሰው ሆኖ ሲመጣ ግን እናት አለው። ከአቫታሮቹ አንዱን፣ ክሪሽናን፣ ዴቫኪ እስር ቤት ውስጥ ወለደችው፣ ያሾዳ አሳደገችው። አንድ ቀን ያሾዳ እየናጠች ሳለ ልጁ ማሰሮዋን ሰብሮ ቅቤውን ለዝንጀሮ ሲያበላ ትደርስበታለች፣ አባርራ ይዛው ከሙቀጫ ጋር ልታስረው ገመድ ስታመጣ ሁለት ጣት ያህል ያጥራታል፣ ሌላ ትቀጥልበታለች አሁንም ሁለት ጣት፣ የቤቱን ገመድ ሁሉ ጨርሳ ላብ በላብ ስትሆን ያያትና አሳዝናው እሺ ብሎ ይታሰርላታል። ዓለሙን ሁሉ የያዘ አምላክ፣ የእናቱ ድካም አሳዝኖት! ታዲያ እናቱ ስታርፍ ከሷ መወለዱን የሚጠራጠር ሰው ከዚህ እምነት ጋር ምን አገናኘው?

ሌላውን አቫታር፣ ራማን ውሰዱ። ከአጋንንቱ ንጉሥ ከራቫና ጋር ከተዋጋ በኋላ አማልክቱ መጥተው ማንነቱን ሲነግሩት፣ ታሪኩን በሚተርከው ጥንታዊ ግጥም፣ በቫልሚኪው ራማያና ላይ የሚመልሰው «እኔ ራሴን የማውቀው ሰው መሆኔን ነው፣ ራማ፣ የዳሻራታ ልጅ» ብሎ ነው። የአባቱን ስም ነው የጠራው! ፓውንድራካ የሚባል ንጉሥ ደግሞ እውነተኛው ቫሱዴቫ (የክሪሽና ሌላ ስሙ ነው) እኔ ነኝ አለ፣ የቪሽኑን ምልክቶች አስመስሎ አሠርቶ ያዘ፣ ይባስ ብሎ ክሪሽናን ምልክቶቼን መልስ ብሎ ላከበት፣ ክሪሽናም አንገቱን ቀላው። ጉልበተኛን ሁሉ የሚያመልክ ሃይማኖት ይሄን ታሪክ እየተረከ ይኖራል እንዴ?

አዎ፣ እንደ ሕንዳዊው የሃይማኖት መምህር ሳትያ ሳይ ባባ አቫታር ነኝ ያሉ ነበሩ፣ ብዙ ሕዝብም ተከትሏቸዋል። ግን ተከታይ ያላጣ ነቢይ ነኝ ባይ የት አገር ነው የሌለው? በዚህ ሕንድን ብቻ የሚለይ ሰው ዙሪያውን አላየም።

ደግሞ ውጤቱን ተመልከቱ። ሞዲ በዚያው በ2016 ጥር 13 የራማን ቤተ መቅደስ፣ ራማ ተወለደባት በምትባለው ከተማ በአዮድያ ላይ በታላቅ ሥነ ሥርዓት መረቁ፣ ግንቦት 27 ድምፅ ሲቆጠር አዮድያ ያለችበት የፋይዛባድ ምርጫ ክልል ፓርቲያቸውን ጥሎታል፣ ፓርቲያቸው ቢጄፒም በአገር ደረጃ 240 ወንበር ላይ ቆሞ ብቻውን አብላጫ አጣ። እዛ ክልል አብዛኛው መራጭ ሂንዱ ነው፣ ራማን ጠዋት ማታ የሚጠራ። ጉልበት ያለው ሁሉ አምላካቸው ነው የተባሉት እነዚህ ናቸው።