ጮቄና አባይ በአንድ ሉክ ወረቀት

ሜሪላንድ የምኖር የቢቸና ልጅ ነኝ። የማታ ፓርኪንግ ስሰራ ኦሪጋሚ የሚባል የጃፓን ወረቀት ማጠፍ ያዘኝ። ያዘኝ ያልኩት አውቄ ነው፣ አያያዙ እንደ ጉንፋን ነበር፣ ከሰው ነው የተጋባብኝ።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ መኪና የለም። አብሮኝ የሚሰራው ቬትናማዊ ሽማግሌ የተጣለ የፓርኪንግ ትኬት አንስቶ አጠፈ፣ ገለበጠ፣ አሁንም አጠፈ። እንቁራሪት ሆነች። ጀርባዋን በጣቱ ጫን አድርጎ ሲለቃት ዘላ ሻዬ ውስጥ ገባች። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ያው ነው፣ ግን ለመማር ቋንቋ አላስፈለገንም። እሱ ያጥፋል፣ እኔ አያለሁ። በሳምንቱ ኪሴ በሙሉ እንቁራሪት ሆነ።

ከዚያ ሰፈራችን ያለ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በወር አንድ ቅዳሜ ተሰብስበው የሚያጥፉ ሰዎች መኖራቸውን ሰማሁና ሄድኩ። አንዷ ሴትዮ የጀመረችው ባሏ ሆስፒታል ተኝቶ ስታስታምም ነው። እጇን የምታደርግበት አጥታ የመድኃኒቱን ወረቀት ማጠፍ ጀመረች። ባሏ ድኖ ቤቱ ገባ፣ እሷ ግን አልተወችም። ሌላው የልጁን የቤት ስራ ሲያግዝ ነው የገባበት፣ ልጁ ከተወው ቆይቷል። አስቦበት የጀመረ ሰው እዚያ አላጋጠመኝም።

ሰዎቹ ቀልድ አያውቁም። ወረቀቱ 15 ሴንቲ ሜትር በ15 ሴንቲ ሜትር፣ አንድ ፊቱ ቀለም ያለው። መቀስ የለም፣ ሙጫ የለም። ስለ ወረቀት ውፍረት ግማሽ ሰዓት ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፣ እኛ ስለ በርበሬ እንደምንከራከረው። ደግሞ ወረቀት ቂመኛ ነው። አንዴ ያለ ቦታው ካጠፍከው ብትዘረጋውም ምልክቱ አይለቅም። ስለዚህ ሁሉም ትንፋሹን ውጦ በጥፍሩ ቀስ እያለ ነው የሚሄድበት። ሁለት ሰዓት አብረን ተቀምጠን የጎረቤቴን ስም ሳላውቅ የወጣሁበት ቅዳሜ አለ። እኛ አገር ሁለት ሰዓት አብሮ የተቀመጠ ሰው የአያትህን ስም ሳይጠይቅ አይለቅህም።

ለአበሻ ጓደኞቼ ስነግር የመጀመሪያው ጥያቄ "ይከፈልሃል?" ነው። ሁለተኛው "ደህና ነህ ግን?" እኔም አፍሬ መከራከር ጀመርኩ። ኮርዮ ሚውራ የሚባል ጃፓናዊ ያወጣው አስተጣጠፍ እ.ኤ.አ. በ1995 ህዋ ላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ለመዘርጋት ውሏል እላለሁ። ሮበርት ላንግ የሚባል የፊዚክስ ሰው እ.ኤ.አ. በ2001 ስራውን ለቆ ሙሉ ጊዜውን ለወረቀት ሰጥቷል እላለሁ። ቆይቶ ነው የገባኝ፣ ጥቅም አለው ብዬ መከራከሬ ራሱ አበሻነቴ ነው። "ሆቢ" የሚለውን "የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ" ብለን ተርጉመነዋል። ጊዜው ትርፍ፣ ነገሩ ደግሞ ማሳለፊያ። ከዚህ በላይ ምን ንቀት አለ?

አኪራ ዮሺዛዋን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1911 የተወለደ ጃፓናዊ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ሲሰራ ለጀማሪዎች ጂኦሜትሪ የሚያስረዳው ወረቀት እያጠፈ ነበር። ከዚያ ስራውን ትቶ ወረቀቱን ያዘ፣ ለዓመታትም ቤት ለቤት ምግብ እየሸጠ በድህነት ኖረ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያለ አጣፊ ሁሉ የሚያነባቸውን፣ አስተጣጠፉን የሚያሳዩ የነጠብጣብ መስመሮችና ቀስቶች ያወጣው እሱ ነው። ቢቸና ቢሆን ኖሮ እናቱ ጠበል ይዛው ትሄድ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ለፋሲካ አገር ቤት ገባሁ። አራተኛ ክፍል የሚማር የእህቴ ልጅ አለ። ወፍ እናጥፍ፣ ሉክ ወረቀት አምጣ አልኩት። ካሬ አድርገን፣ የተረፈውን በምላስ አርሰን ቀደድን (ይሄን ጃፓን አላስተማረኝም፣ የጎጃም ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል)። አስተጣጠፉ ሁለት ዓይነት ነው፣ ወደ ላይ የሚወጣው ተራራ፣ ወደ ውስጥ የሚገባው ሸለቆ ይባላል። "ይሄ ጮቄ ነው፣ ይሄ አባይ በረሃ" አልኩት። ከዚያ በኋላ "ጋሼ፣ አሁን ጮቄ ነው አባይ?" እያለ ወፊቷን ጨረሳት። ክንፏ ትንሽ ተንሻፏል።

አባቱ ከደጅ ገብቶ "ወረቀት እንዲህ ይጨረሳል እንዴ!" አለ። ሳቄ መጣ። እኔም ልጅ ሆኜ ከሂሳብ ደብተር ጀልባ ሰርቼ በክረምት ጎርፍ ላይ ስለቅ በአለንጋ ተገርፌያለሁ።

ጥግ ላይ አክስቴ ሙዳይ እየሰፉ ነበር። አለላው ቀይና አረንጓዴ፣ ወስፌው ከእጃቸው ጋር አብሮ ያረጀ። ሁለት ዙር ሰፍተው አዩት፣ አላማራቸውም፣ ፈቱት። እኔ ልዩነቱ አልታየኝም። ቡና እየተጠጣ፣ ጎረቤት እየታማ፣ ይፈታል ይሰፋል። የቅዳሜዎቹ ሰዎች ይሄን ቢያዩ እግራቸው ስር ይቀመጡ ነበር። እኛ ቤት ግን ስሙ "ስፌት ይዛለች" ነው፣ አለቀ።

ወፎቹን አይተው "ስለት ነው እንዴ ልጀ?" አሉኝ።

ወደ ስለት ይጠጋል አልኳቸው። ጃፓኖች ሺህ ወፍ ያጠፈ ምኞቱ ይሞላል ይላሉ። ሳዳኮ ሳሳኪ የምትባል ልጅ ነበረች። ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ሲወድቅ ሁለት ዓመቷ ነው። ኋላ የደም ካንሰር ያዛትና ሆስፒታል ተኝታ የመድኃኒት መጠቅለያ እየለቀመች ወፍ ታጥፍ ነበር።

"ደረሰላት?"

"አልደረሰላትም እትየ። በ12 ዓመቷ አረፈች።"

ወስፌውን አስቀመጡ። "ነፍስ ይማር" ብለው ዝም አሉ። ቤቱም ዝም አለ።

ከዚያ ወፊቷን ከልጁ እጅ ተቀበሉና ሳያስፈቅዱ ዘረጓት። ልጁ ሊጮህ ምንም አልቀረው። ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው መስመሮቹን በጣታቸው ተከተሉ። "መንገዱ እኮ ራሱ ላይ ተጽፏል" አሉና ማጠፍ ጀመሩ። እኔን ሁለት ሳምንት የፈጀብኝን ነው። ምንቃሯ ላይ ብቻ ቆሙና ወደ እኔ አዩ። አሳየኋቸው። ሲጨርሱ ክንፏ ቀጥ አለ።

ሜሪላንድ ከተመለስኩ በኋላ አንድ እሁድ ደወልኩ። ልጁ ደብተሩን ጨርሶ ጉድ ፈልቷል። ወረቀት እልካለሁ አልኩ፣ አባቱን ለማብረድ።

አክስቴ ስልኩን ተቀበሉ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ ዋጋ ተጨዋወትን። ሊዘጉ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እንግዲህ ለሱ ስትልክ ጨመር አርግበት። ቀዩ ይበዛ።"