የጡብ ጉድጓድ ጨፌ አይተካም

በጅማ ስለ ቦዬ ጨፌ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ መከራከሪያ አይጠፋም፦ «ረግረጉ ቢደርቅ ምን ይጎድላል? ለእንቁራሪት እንደሆነ ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ ሁሉ ውኃ ነው።» ጉድጓድ የሚባለው ለጡብ ሥራ አፈሩ ተዝቆ የተተወው ነው። እንቁራሪት ውኃ ባየችበት ሁሉ እንቁላሏን ጥላ የምትሄድ ግድ የለሽ ፍጥረት ናት የሚለውን ሐሳብ ግን አልቀበልም።

በተረታችን እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ የሞተች ሞኝ ናት። የልጆቿን ማደጊያ ስትመርጥ ግን ሞኝነት አይታይባትም። በአሜሪካ በግራጫ የዛፍ እንቁራሪቶች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ሴቶቹ ዓሣ ያለበትን ውኃ ትተው ዓሣ የሌለበትን መርጠዋል፤ ዓሣው በወንፊት ተከልሎ እጮቹን መንካት በማይችልበት ጊዜ እንኳ ሸሽተውታል። በፔሩ ደን የሚኖር አንድ ትንሽ መርዘኛ እንቁራሪት ደግሞ ይብሳል። አባትየው የተፈለፈሉትን እጮች አንድ በአንድ በጀርባው አዝሎ በቅጠል ብብት ወደተጠራቀመ፣ አንድ ሲኒ እንኳ ወደማይሞላ ውኃ ይወስዳቸዋል። እዚያ የሚበላ ነገር ስለማይበቃ እናትየዋ እየመጣች ያልዳበረ እንቁላል ትጥልላቸዋለች፤ እጮቹም እሱን በልተው ያድጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ይህን እንቁራሪት ሰፋ ያለ ውኃ ከሚጠቀም የቅርብ ዘመዱ ጋር አነጻጽሮ፣ ወንድና ሴቱን አጣምሮ ያቆያቸው የውኃዋ ማነስ መሆኑን አሳይቷል። ትዳራቸውን ያጸናው ኩሬው ነው ማለት ነው!

የእኛዎቹም ከዚህ አይተናነሱም። ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኝና በእንሰት ስም የተጠራች ትንሽ እንቁራሪት አለች። የእሷ ወገን የሆኑት እንቁላላቸውን በቅጠል ላይ ይጥሉና ቅጠሉን አጥፈው ከሰውነታቸው በሚወጣ ሙጫ ይለጥፉታል። ሌሎች የዛፍ እንቁራሪቶች ደግሞ በውኃው ዳር እርጥብ አፈር ቆፍረው እንቁላላቸውን ይቀብራሉ፤ ዝናብ ሲመጣ እጮቹ ወደ ውኃው ይወርዳሉ። ለአንዷ ቅጠል፣ ለሌላዋ እርጥብ ዳር የግድ ነው። አፋፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ ቄጠማ ያልበቀለበት የጡብ ጉድጓድ ሁለቱም የሉትም። አጠገቡ ባህር ዛፍ ከተተከለማ የአፈሩ እርጥበት ነገር ያበቃለታል።

ጉድጓዱን የሚወድዱ እንቁራሪቶች መኖራቸውን አልክድም። አዲስ የሞላ፣ ፀሐይ ያሞቀው፣ ዓሣ የሌለበት ውኃ ለብዙዎቹ ያማረ ቤት ይመስላል። ችግሩም ይኸው ነው፤ ዝናቡ ቀድሞ ካቆመ እጮቹ እግር ሳያበቅሉ ውኃው ይደርቃል።

ረግረጉ የወባ ምንጭ ነው ለሚሉም መልስ አለኝ። በአገራችን ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው ትንኝ አጥብቃ የምትሻው ፀሐይ የሚያገኘው፣ ሣር ያልበዛበት፣ ትንሽና ጊዜያዊ ውኃ ነው፤ የከብት ኮቴ ያጎደጎደው ሳይቀር ይበቃታል። ቄጠማው የደፈነው፣ እጯን የሚበሉ ነፍሳት የሞሉበት ጨፌ ያን ያህል አይመቻትም። ስለዚህ ጨፌውን እያደረቅን ጉድጓድ ስናበዛ ወባን እየተከላከልን ነው ማለት አንችልም።

ጡብ ሠሪው እንጀራውን ይተው አልልም። ቤቴም የቆመው በጡብ ነው። አፈሩ የሚወጣበት ቦታ ግን ይከለል፤ አፈሩ ያለቀበት ጉድጓድም ክፍቱን አይተው፣ ይደፈን። የአዌቱ ወንዝ የከተማውን ቆሻሻ ወደ ቦዬ ይዞ መውረዱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፣ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ከሁሉ የሚያሰጋኝ ግን «ልማት» በሚል ስም የጨፌውን ዳር በድንጋይ ገንብቶ ዓሣ የመጨመር ሐሳብ ነው። ለመናፈሻ ያምር ይሆናል፤ ለእንቁራሪት ግን ዳሩንም ውኃውንም በአንድ ጊዜ መንሳት ነው። ቦዬን የሚመለከት ዕቅድ የሚያወጣ ሁሉ ክረምት ሞልቶ በጋ የሚሸሸውን ጥልቀት የሌለውን የዳር ውኃ ከነቄጠማው በካርታው ላይ ያስምርልን፤ ለግንባታም ለችግኝም አይስጥብን።